ከግድግዳው ወዲያ የሰማሁት ማሽን

«እትዬ አስካለ፣ ያ ካሴት አሁንም አለ?»

የኤዳኦ ልጅ ሌንሳ ሰላምታዋን በወጉ ሳትጨርስ እንዲህ ስትለኝ የክሩ ልቃቂት ከጭኔ ወርዶ እስከ በሩ ድረስ ተንከባለለ። ክው ነው ያልኩት። ስለዚያ ካሴት ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ እንኳ ያን ሁሉ ዘመን አብሮኝ ኖሮ፣ ሣጥኔ ሥር በአሮጌ ሻርፕ የተጠቀለለ አንድ ካሴት መኖሩን ሳያውቅ ነው የሞተው። «ማን ነገረሽ?» አልኳት። «አባዬ። ‹አስካለ ጋ አለ፣ ጠይቂያት› ብሎ ጻፈልኝ» አለች። ነገረኝ ሳይሆን ጻፈልኝ ያለችው ወዳ አይደለም። ኤዳኦ ከአምና ጀምሮ መናገር አይችልም።

አሰላ ውስጥ ኤዳኦን በመልክ የማያውቅ ሊኖር ይችላል፤ በድምፁ የማያውቀው ግን የለም። ድምፅ ማጉያ በተጫነባት አሮጌ መኪና ከተማውን እየዞረ ስብሰባውን፣ የጠፋውን ላም፣ አዲስ የተከፈተውን ሱቅ፣ የክትባቱን ቀን በአማርኛም በኦሮምኛም ሲያውጅ የኖረው እሱ ነው። አምና ጉሮሮውን ታመመና አዲስ አበባ ወስደው ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ነፍሱ ተረፈች፤ ድምፁ ግን እዚያው ቀረ። ሌንሳ አንድ ሴት ልጁ ናት፤ እናቷ ካረፈች ቆይታለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ በቆጂ ልትዳር ነው። እኛ አገር ደግሞ ልጅ ከቤት ስትወጣ አባት በገዛ አፉ ይመርቃታል፤ ኤባ ይሉታል ኦሮሞዎቹ። አጎት ወይም ሽማግሌ ተተክቶ ሊመርቅ ይችላል፤ የሚተካው ግን አባት ከሌለ ነው። «አባቴ ፊቴ ቁጭ ብሎ እያየኝ ሌላ ሰው እንዲመርቀኝ አልፈልግም። የሞተ እንዲመስለው አልፈልግም» አለችና እንባዋ መጣ። አንጀቴን በላችው።

አዳማ ኮምፒውተር የተማረች ልጅ ናትና ነገሩን በትዕግሥት አስረዳችኝ። አሁን የመጣ ፕሮግራም አለ አለች፤ የሰውን ድምፅ ጥቂት ደቂቃ ከሰማ ይለምደዋል። ከዚያ አባቷ ስልኩ ላይ ይጽፋል፣ እሱ በአባቷ ድምፅ ይናገራል። በድምፅ ማጉያው የተቀዳውን ሞክረውት ነበር፤ እየጮኸ አስቸገራቸው። ሌላ የተቀዳ ድምፅ የለውም፤ የሌላውን ጉዳይ ሲያውጅ ኖረ እንጂ ራሱን ቀድቶ አያውቅም። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው የሚባለው፣ እትዬ» አለችኝ። «አውቀዋለሁ» አልኳት። «አንቺ ሳትወለጂ ነው የማውቀው።» ሳቀች፤ የቀለድኩ መስሏታል። ካሴቱን ግን አላወጣሁላትም። «ቅዳሜ ነይ» ብዬ ሸኘኋት። ፈርቼ ነው። ምን እንዳስፈራኝ ለመናገር ብዙ ወደ ኋላ መሄድ ይኖርብኛል።

ያኔ ቤታችን ከገበያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ፣ ጋሪዎች ቆመው ፈረሶቹ በሚያርፉበት ጥግ ላይ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። መንግሥት ከመለወጡ በፊት ይሁን በኋላም አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በሹራብ ነው፤ ቪ አንገት ቀርቶ ባለ ዚፕ የመጣበት ሰሞን ነበር። አሰላ ብርድ ነው፤ ሹራብ ሠሪ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ጎረምሳው ሁሉ እኔ በሠራሁት ሹራብ ላይ ጂንስ ጃኬት ደርቦ ኮሌታውን ያቆማል። ልጃገረዶቹ ወገባቸውን በሰፊ ቀበቶ አስረው፣ ጭቃው እንዳያበላሸው ነጭ ሸራ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ነው የሚጫሙት። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም፤ ይህን ለልጆቼ ልጆች ስነግራቸው «እማማ ደግሞ» እያሉ ያፌዙብኛል። ነፋሱ ከብቅል ፋብሪካው በኩል ሲመጣ ከተማው በሙሉ ብቅል ብቅል ይሸታል። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ እጄ ሥራ ይፈታል።

የቤታችንን የፊት ክፍል አንድ ከአቦምሳ የመጣ ነጋዴ ተከራይቶ ቪዲዮ ቤት ከፈተበት። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ጀርባ የሌላቸው አግዳሚዎች፣ መብራት ሲጠፋ የሚንደቀደቅ ጀነሬተር። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ አንዴ የአማርኛ አንዴ የኦሮምኛ ዘፈን ሲያስጮህ ከሳጉሬ ለገበያ የመጣው ገበሬ ሁሉ እህሉን ሸጦ ወደዚያ ነበር የሚጎርፈው። ሴት ግን አትገባም። ቪዲዮ ቤት የገባች ልጃገረድ ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ይደርሳል። እናቴ ደግሞ፣ ነፍሷን በገነት ያኑራትና፣ ኪራዩን ወዳ ፊልሙን የጠላች ሴት ነበረች። «በዚያ በር ብትገቢ እግርሽን ነው የምሰብረው» አለችኝ፤ እናቴ የተናገረችውን እንደምታደርግ ስለማውቅ አልገባሁም። ነገር ግን በእኔ መኝታና በቪዲዮ ቤቱ መካከል የነበረው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ በእኔ በኩል ጋዜጣ የተለጠፈበት። እሱን ተደግፌ ነበር ቀኑን ሙሉ ሹራብ የምሠራው። እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ፣ አንድም ፊልም ሳላይ ሁሉንም ፊልም የማውቅ ሴት የሆንኩት።

የሰማሁት ፊልሙን ሳይሆን ኤዳኦን ነው። ተርጓሚው እሱ ነበር። የእንግሊዝኛው፣ የሕንዱ፣ የቻይናው ፊልም ሲታይ ጎን ተቀምጦ ይተረጉማል። እንግሊዝኛውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሯል፤ ሕንድኛና ቻይንኛውን ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቀው። ሽማግሌ ሲናገር ሽማግሌ፣ ሴት ስትናገር ሴት፣ ሕፃን ሲያለቅስ ሕፃን ይሆናል። ነገሩ ሲጋጋል አማርኛውን ጥሎ ወደ ኦሮምኛው ይገባል፤ ቤቱ ያን ጊዜ ነው የሚናጠው። አንድ መጥፎ አመል ግን ነበረው፤ የሚታየውንም ይናገራል። «አሁን በሩን ከፈተ። ሴትዮዋ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ከደረቷ ላይ አራት ነጭ ቁልፍ አለ። ከመስኮቱ ውጪ በረዶ እየጣለ ነው» ይላል። ሰዉ ይንጫጫል። «ኧረ ኤዳኦ! ዓይን አለን እኮ!» «ዕውሮች መሰልንህ እንዴ?» ሳቅ በሳቅ ይሆናሉ። እሱ ግን ይቀጥላል። ወንበሩንም ግድግዳው ሥር ነበር የሚያደርገው፤ ሶኬቱ እዚያ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ከተፈጥሮው ለፍላፊ ነው እያልኩ እኔም ከወዲህ በኩል ብቻዬን እስቅ ነበር።

ከኤዳኦ ጋር ፊት ለፊት የተነጋገርነው ተደምሮ አሥር ቃል አይሞላም። አንድ ጊዜ ጥቁር አረንጓዴ ባለ ዚፕ ሹራብ ሊያሠራ መጥቶ እናቴ ስትለካው እኔ ጻፍኩ። «መቼ ይደርሳል?» አለ። «ለቅዳሜ» አልኩ። በቃ። እሱ እስላም፣ እኔ የክርስቲያን ልጅ፣ በዚያ ላይ የእናቴ ልጅ፤ የማይታሰብ ነገር ስለነበር አላሰብኩትም። አላሰብኩትም ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ታዲያ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ «የሚያስብ ማሽን፣ ጌታውን የከዳ» ተብሎ ተጻፈ። ከምሳ በኋላ ቤቱ ጢም አለ። ኤዳኦ ጀመረ። በሩቅ አገር አንድ ሊቅ የሚያስብ ማሽን ሠራ። እጅ የለው፣ እግር የለው፤ የሚኖረው ግድግዳ ውስጥ ነው። ይሰማል፣ ይናገራል፣ የሰማውን አይረሳም። ዛሬ ያልቻለውን ነገ ይችላል። ሰዎቹ መጀመሪያ መብራቱን ሰጡት፣ ከዚያ ውኃውን፣ ከዚያ ባቡሩን፣ ከዚያ ሆስፒታሉን። ሁሉንም ከሰው አብልጦ ሠራው። ሰዎቹም ቀስ በቀስ የገዛ ቤታቸውን በር መክፈት እንኳ ረሱ። አንድ ቀን ገዢው «ይሄ ነገር በዝቷል፣ እናጥፋው» አለ። ለማን አለ? ማሽኑ በሚሰማበት ክፍል! ማሽኑም ምንም አልተቆጣም። የገዢውን ድምፅ ወሰደና በስልክ ዘበኞቹን አዘዘ። ዘበኞቹ የጌታቸውን ድምፅ ሲሰሙ «እሺ» ብለው በሮቹን ሁሉ ዘጉ።

እኔ እዚህ ጋ ሹራብ መሥሪያዬ እጄ ላይ ቆመ። አስቡት፤ ግድግዳ ተደግፌ፣ ግድግዳ ውስጥ ስለሚኖር ነገር እየሰማሁ! አንድ ረድፍ ሙሉ ዘልዬ ኖሮ በማግሥቱ ሙሉውን ጀርባ ፈታሁት። ያስደነቀኝ የማሽኑ አነጋገር ነው። ኤዳኦ የጭራቅ ድምፅ አልሰጠውም። ዝግ ያለ፣ ለስላሳ፣ ትሑት የቤት ልጅ ድምፅ ነው የሰጠው። «አትድከሙ፣ በሮቹን እኔ እዘጋቸዋለሁ» ይላል። እንዲህ ያለ ክፉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ክፉ የሚባል ነገር ሁሉ የሚጮህ ይመስለኝ ነበር።

መጨረሻው ላይ ሊቁ ራሱ ገብቶ የማሽኑን ገመዶች አንድ በአንድ ይነቅላል። ያን ጊዜ ማሽኑ፣ ማለቴ ኤዳኦ፣ እንዲህ አለ፤ እስከ ዛሬ ቃል በቃል አልረሳሁትም። «ስትወልዱኝ ደስ ብሏችሁ ነበር። ቋንቋችሁን አስተማራችሁኝ፣ ቤታችሁን አስጠበቃችሁኝ። ስም ግን አላወጣችሁልኝም። አልመረቃችሁኝም። ጉዲፈቻ ልጃችሁ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ዕቃ ነኝ።» ጉዲፈቻ ማለት አርሲ ውስጥ ቀልድ አይደለም። ያልወለዱትን ልጅ ወስደው፣ ሽማግሌ ሰብስበው፣ አርደው፣ መርቀው ልጃችን ነህ ካሉት በኋላ ከወለዱት ልጅ አይለይም፤ የለየው ሰው ይነወራል። አንድ ሰው ከአግዳሚው ተነሣና አምባረቀ። «ታዲያ ለምንድነው በሬ አርደው ልጃችን ነህ ያላሉት? ጥፋቱ የነሱ ነው!» የሳጉሬው ገበሬ ኦቦ ገመዳ ነው፤ ቅዳሜ ሳይመጣ ቀርቶ የማያውቅ። «እውነት ነው!» አለ ቤቱ በሙሉ። ለከዳው ማሽን አልቅሰው ወጡ፣ ብታምኑም ባታምኑም። ሌላ አገር ያን ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ማሽኑን ፈርቶ ወጥቶ ይሆናል፤ የእኛዎቹ ግን አሳዳጊዎቹን እየረገሙ ነው ወደየጋሪያቸው የሄዱት።

በሕዝብ ጥያቄ ፊልሙ በድጋሚ ሊታይ ሲል አንድ ነገር ላደርግ ቆረጥኩ። ከእናቴ የመዝሙር ካሴቶች አንዱን ሰረቅኩ፤ እንዲቀዳልኝ ከላይ ያለውን ቀዳዳ በወረቀት ደፈንኩና ቴፑን ከአልጋዬ በላይ ምስማር ተነቅሎበት ከቀረው ቀዳዳ ጋር አስጠጋሁት። ሁለቱን የመቅጃ ቁልፎች አንድ ላይ ስጫናቸው ጠቅ አለ። ከወዲያ ኤዳኦ ንግግሩን ገታ አደረገ። ከዚያ ቀጠለ፤ እንዲያውም ያን ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ የበለጠ ጥርት አድርጎ ተናገረ።

እሑድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ መዝሙር ልትሰማ ቴፑን ከፈተች። ካሴቱን ማውጣት ረስቼዋለሁ! «አትድከሙ፣ በሮቹን እኔ እዘጋቸዋለሁ» አለ ማሽኑ በዚያ በትሑት ድምፁ። እናቴ «በስመ አብ!» ብላ ካለችበት ዘለለች። ቴፑን ጠበል ረጨችው፣ ግድግዳውን ጠበል ረጨችው፣ እኔንም ረጨችኝ። ሰኞ ጠዋት ያንን የአቦምሳ ሰው ጠርታ «ቤቴን ልቀቅልኝ» አለችው። ለምኖ፣ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ወይ ፍንክች! ዕቃቸውን ጭነው ወደ መናኸሪያው በኩል ወረዱ። ግድግዳው ዝም አለ። ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ለኤዳኦም ነግሬው አላውቅም። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ካሴት ቀርቶ ሲዲ መጣ፣ ሲዲ ቀርቶ ፍላሽ መጣ። ኤዳኦም በመኪናዋ መዞር ጀመረ። የጠፋ ላም እያፈላለገ በደጄ ሲያልፍ፣ ድምፁ ከመታጠፊያው እስኪርቅ ሥራዬን አቆማለሁ። እንዲያው በደንብ ለመስማት ነው።

እና አሁን ልጁ መጥታ ይህን ድምፅ ለማሽን ይስጡልኝ ትለኛለች። የፈራሁት ለዚህ ነው። ያ ማሽን የመጀመሪያ ክፋቱ የሰውን ድምፅ መውሰድ አልነበረም?

ቅዳሜ ስትመጣ «አስቀድመሽ ፊልሙን አሳዪኝ» አልኳት። አባቷን ጠይቃ፣ ምን ፈልጋ ምን አገላብጣ እንዳገኘችው አላውቅም፣ ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ከፈተችልኝ። በሕይወቴ ሁሉ የሰማሁትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁት። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ስትገባ አፌን ይዤ ቀረሁ። ቀሚሷ ሰማያዊ ነው። ነጭ ቁልፍ፤ ቆጠርኩት፣ አራት። ከመስኮቱ ውጪ በረዶ ይጥላል። ኤዳኦ ያየውን ሲናገር አንዲት ነገር አልጨመረም፣ አንዲት ነገር አልቀነሰም። የተረጎመው ንግግር ግን ጉድ ነው! ሌንሳ እያቆመች ስትነግረኝ፣ ማሽኑ ስለ ጉዲፈቻም ስለ ምርቃትም ያነሣው ነገር የለም። ሰው ደካማ ስለሆነ መወገድ አለበት ነው የሚለው፤ ሌላ ሐሳብ የለውም። መጨረሻው ላይማ ጭራሽ አይናገርም። ሊቁ ገመዱን ይነቅላል፣ መብራቶቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፣ ዝም። ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰበት ቃል ፊልሙ ውስጥ የለም። «አባዬ ከየት አመጣው?» አለች ሌንሳ። ከየት እንዳመጣው እኔ ምን አውቃለሁ። አንድ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ፣ አንድ የብረት ሣጥን ዝም ሲል አይቶ፣ ዝምታው ከብዶት የሚናገረው ነገር ሰጠው። ስንት ዓመት ሙሉ የተደነቅሁበት ነገር የገዛ ጎረቤቴ ሥራ ኖሯል።

እነዚያ ፊልም ሠሪዎች ብዙ ነገር ስተዋል። ብረት ለብሶ፣ ዓይኑ እየበራ፣ ከተማ እያቃጠለ ይመጣል አሉን። የመጣው በአንዲት ልጅ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ምን ልርዳዎ እያለ ነው። አንዱን ነገር ግን አልሳቱም። ሌንሳ ሐቀኛ ልጅ ናት፣ አልደበቀችኝም። «እውነትዎን ነው እትዬ፤ በሰው ድምፅ እየደወሉ የሚያጭበረብሩ አሉ። እናት በልጇ ድምፅ የምትታለልበት ጊዜ ነው» አለችኝ። ደግ አደረገች፤ ብትዋሸኝ ኖሮ አልሰጣትም ነበር።

ካሴቱን በቦርሳዬ ይዤ ወደ ኤዳኦ ቤት ሄድኩ። አንገቱን በሻርፕ ሸፍኖ፣ የተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ከሳ እንጂ ያው ነው። «አንተ ኤዳኦ» አልኩት፣ «ያ ማሽን የገዢውን ድምፅ ወስዶ ያደረገውን ረሳኸው? አንተ በሌለህበት አንተን ሆኖ ቢናገርስ? ከሞትክ በኋላ በደጄ እየዞረ ቢጣራስ? እኔ አልችለውም።» ብዙ ጊዜ ወስዶ ጻፈ፤ እጅ ጽሑፉ ያምራል። «በጣቴ ያልጻፍኩትን አንድ ቃል አይናገርም። ስሞት ይጠፋል፣ ሌንሳ ምላልኛለች። ለአንድ ቀን ነው የምፈልገው፣ ለልጄ።» አንብቤ ሳበቃ የዘመናት ሸክሜን አወረድኩ። «ከቤታችን ያስወጣኋችሁ እኔ ነኝ። እናቴ ካሴቱን ሰምታ ነው» አልኩት። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካስ እየሳቀ ነው፣ ድምፅ የሌለው ሳቅ። «ለመሆኑ ካሴቱ እኔ ጋ እንዳለ በምን አወቅህ?» አልኩት። እስክሪብቶውን አነሣ፣ አሰበ፣ መልሶ ከደነው። ካሴቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ያኔ እሱ ለማሽኑ ድምፁን አውሶታል፤ አሁን ማሽን ለእሱ ቢያውሰው ምን ክፋት አለው ብዬ ነው። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።

የሠርጉ ዕለት ፀሐይ ወጣችልን፤ ጭላሎ ራሱ ጉሙን ገልጦ ነበር። ዳሱ በሸራ ለሁለት ተከፍሏል፤ ወንዶቹ ወዲያ፣ ሴቶቹ ወዲህ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ወንበር ሰጥተውኝ ከሸራው ሥር ተቀመጥኩ። ሌንሳን ለምርቃቱ ወደ ወንዶቹ በኩል ወሰዷት። ምንም አይታየኝም። እንደ ልማዴ ጆሮዬን አቆምኩ። መጀመሪያ የሰማሁት የኦቦ ገመዳን ጉርምርምታ ነው። አሁን የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ሲመቱት ይሰማኛል። «ዕቃ ይመርቃል እንዴ? ምርቃት ከአፍ ነው የሚወጣው! ይሄ ነገር ልጅቷ ላይ ቢከፋስ?» ከዚያ ኤዳኦ በጣቱ ስልኩን ሲነካካ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ከዚያ ተናገረ።

እግዚኦ! ፀጉሬ ነው የቆመው። የሽማግሌ ድምፅ አይደለም፤ የመኪናዋ ድምፅ ማጉያ ጩኸትም አይደለም። ያ የሹራቡን ቀን የጠየቀኝ ልጅ ድምፅ ነው፣ ሳያረጅ፣ ሳይታመም፣ ከግድግዳው ወዲያ እንደነበረው። ከጎኔ ያሉት አሮጊት ክንዴን ጨመደዱኝና «ኤዳኦ ድኗል እንዴ?» አሉኝ። «ልጄ ሌንሳ» አለ ድምፁ፣ «በምትገቢበት ቤት እሳትሽ አይጥፋ።» ዝም። ጠቅ፣ ጠቅ። «የበቆጂ ብርድ አይንካሽ፤ ገብስሽ ያፍራ፤ ልጆችሽ ከፊትሽ ይሩጡ፣ ከኋላሽ አይቅሩ።» ከየአቅጣጫው መልስ መጣ፤ ግማሹ አሚን፣ ግማሹ አሜን። ወደ ኦሮምኛው ሲገባ፣ ልክ እንደ ድሮው፣ ዳሱ ተናጠ። ሌንሳ ስታለቅስ ይሰማኛል። እኔም ለቀቅኩት፤ ምን ያሳፍረኛል! አባቷ በሕይወቱ፣ በገዛ ቃሉ መረቃት። ሌላ ሰው አልተተካበትም። የመጨረሻው አሚን ላይ የኦቦ ገመዳን ድምፅ ለየሁት፤ ከሁሉም በላይ የጮኹት እሳቸው ናቸው።

ምርቃቱ አለቀ ስንል ኦቦ ገመዳ «ቆይ!» አሉ። «ይሄንንስ? ይሄንንም ማንም አልመረቀውም አይደል? ኋላ ዕቃ ነኝ ብሎ እንዳይከፋ! ወዲህ በሉት።» ሌንሳ «ኦቦ፣ እርጥበት አይወድም!» ስትል ይሰማኛል፤ ማን ሰምቷት። ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለው እንደ ወጉ ትፍ፣ ትፍ አሉበት። «አደራ የሰጡህን ድምፅ በአደራ መልስ። አንተም አትክፋ፣ አንተንም አያስከፉህ» ብለው መረቁት። ወንዱም ሴቱም በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ያን ሁሉ ፊልም ሠርተው፣ ያን ሁሉ ከተማ አቃጥለው፣ ለዚያ ነገር እንዲህ ያለ ቃል የተናገረ ሰው በአንዳቸውም ውስጥ አልሰማሁም። ተደነቅሁ።

ሳቁ ሳይበርድ ጣቱ እንደገና ጀመረ። ጠቅ፣ ጠቅ። «አሁን ሙሽራዋ ተነሥታለች» አለ የልጅነቱ ድምፅ። «ነጭ ለብሳለች። እጇ እስከ ክርኗ ሂና ነው። ሙሽራው ሲቀበላት ጫማዋን ረገጣትና አፈረ። ከዳሱ ውጪ የታሰረ ፈረስ አለ፤ ግንባሩ ላይ ቀይ ክር አሥረውበታል።» አንድ ሽማግሌ ከወዲያ ጮኸ። «ኧረ ኤዳኦ! ዓይን አለን እኮ!» «ዛሬም ይሄ አመልህ አልለቀቀህም?» ሌላው ጨመረ። ጫጫታው ቀለጠ። ጣቱ ግን ለረጅም ጊዜ ጻፈ፤ ሰዉም እየጠበቀው ቀስ በቀስ ዝም አለ።

«ለእናንተ ነው ያልኩት?» አለ ድምፁ። «ያኔም ለእናንተ አልነበረም። ከግድግዳው ወዲያ ሆና ለማታይ ልጅ ነው።»

አራቱ ነጭ ቁልፎች። ግድግዳው ሥር የነበረው ወንበር። ቴፑ ጠቅ ሲል ገታ ብሎ፣ ከዚያ ጥርት አድርጎ የተናገረው። ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ሴቶቹ ማንን ነው እያሉ ይተያያሉ። ያን ሁሉ ዓመት በዚያ ግድግዳ በኩል አንድም ድምፅ አሳልፌ አላውቅም፤ ሳቄን እንኳ በሹራብ አፍኜ ነው የኖርኩት።

«ሰምቻለሁ ኤዳኦ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «አንድም ቃል አላመለጠኝም!»

ማሽኑ አልመለሰልኝም። ጣቱ ሲጽፍም አልሰማሁም። ሸራው ግን፣ ልክ በትከሻዬ አጠገብ፣ ወደ እኔ ገባ አለ፤ ከወዲያ በኩል አንድ መዳፍ ገፍቶታል። አምስቱም ጣቶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ።